የመምህር ዋቅጅራ ኮምፒዩተር እና ክፍት የቆየው ዓምድ

ይህን የምጽፈው በአንድ ደብተር ላይ ባዶ ስለቆየ አንድ ቦታ ለማስረዳት ነው። ሰባት ዓመት በሠራሁበት የጎፋ የጥገና ክፍል ውስጥ፣ የተበላሹ ኮምፒዩተሮች የሚመዘገቡበት ሰፊ ደብተር አለ። እያንዳንዱ ገጽ በእርሳስ በተሰመሩ አራት ዓምዶች ተከፍሏል፦ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ ምን እንዳለ፣ እኛ ምን እንዳገኘን፣ ምን እንደጠፋ። በአራተኛው ዓምድ ውስጥ በአብዛኛው የሰፈረው ቃል «ምንም» ነው። በአንድ ረድፍ ላይ ግን ቦታው ከሁለት ዓመት በላይ ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ ክፍት እንዲቆይ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። የፊታችን ቅዳሜ ክፍሉ ይዘጋል። አሠሪዬና አስተማሪዬ ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው ስለደከመ ሥራ አቁመዋል፤ እኔም ካርታ በሚያዘጋጅ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሰኞ እጀምራለሁ። ደብተሩ ታስሮ ከመቀመጡ በፊት ያ ቦታ ለምን እንደዘገየና በመጨረሻ ምን እንደተጻፈበት ማስረዳት ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጋሽ ደምሴ ከኮምፒዩተር በፊት የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን አብዛኛውን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እየተዘዋወሩ የተጣመመ ፊደል ሲያቃኑ፣ የላላ ሞላ ሲያጠብቁ ኖረዋል። መሥሪያ ቤቶቹ የጽሕፈት መኪናዎቻቸውን ግምጃ ቤት እያስገቡ ኮምፒዩተር ማስመጣት ሲጀምሩ፣ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው ሌላ ሥራ ፈለጉ። እሳቸው ግን አንድ የተጣለ ኮምፒዩተር ገዝተው ጎፋ ካለው ቤታቸው የፊት ክፍል አስገቡና ለአንድ ዓመት ያህል ፈታትተው ሲገጥሙት ከረሙ። የጎደላቸው መመሪያዎቹ የተጻፉበት ቋንቋ ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ቤት የተቀመጥኩ የጎረቤት ልጅ ነበርኩ።

«እኔ እጅ አለኝ፤ አንተ እንግሊዝኛ አለህ» አሉኝ። ውላችን ይህ ነበር። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ ግን አንድም ወር ሳይዘገይ ተከፍሎኛል።

በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ በብብቴ ይዤ ገባሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የታሪክ መጽሐፍ ነው፣ ጋሼ።»

«ወፍራም ነው። ጥሩ። ሥራ ሲጠፋ ታነበዋለህ፤ ሥራ ሲኖር ትቀመጥበታለህ፤ ወንበሩ አጭር ነው።»

እውነትም ወንበሩ አጭር ነበር፤ እውነትም ተቀመጥኩበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ምሁሩ» ሆነ።

አልነሳ ያለ ኮምፒዩተር ሲመጣ ጋሽ ደምሴ የሚያደርጉትን በዝርዝር መግለጽ አለብኝ፤ ኋላ የማወራው ጥፋት ከዚህ ልማድ በማፈንገጤ የመጣ ነውና። መጀመሪያ እጃቸውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። ቀጥለው ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ መሳቢያ ያስገቡታል፤ እንዳይቸኩሉ ነው። ከዚያ ወንበር ስበው ከማሽኑ ፊት ሳይሆን ከባለቤቱ ፊት ይቀመጡና ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «መጨረሻ የነካው ማን ነው? ምን ሲሠራበት ነበር? ከመሞቱ በፊት ቀኑን ስንት ይል ነበር?»

ሦስተኛው ጥያቄ ሰውን ሁሉ ያስቅ ነበር። «ቀን መቁጠሪያ ላምጣልዎት እንዴ፣ ጋሽ ደምሴ?» ያላቸው ደንበኛ ጥቂት አይደለም። እሳቸውም አብረው ይስቁና መልሱን ይጠብቃሉ።

መልሱን ካገኙ በኋላ ከግድግዳው ይጀምራሉ፦ ሶኬቱ፣ ስታቢላይዘሩ፣ ገመዱ፣ ከኋላ ያለችው የቮልት መምረጫ። ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣ ኮምፒዩተር ስንቱ በዚያች መምረጫ ምክንያት ተቃጥሏል! ከዚያ ማሽኑን ያበሩና መዳፋቸውን ከኋላው ያስጠጋሉ፤ ማራገቢያው መንፈሱንና አለመንፈሱን በእጃቸው ያውቃሉ። ጩኸቱን ይቆጥራሉ፤ ያሸታሉ። ክዳኑ የሚከፈተው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አቧራውን በብስክሌት ፓምፕ ይነፉታል፤ ሜሞሪ የሚባሉትን የማስታወሻ ቁራጮች ነቅለው በጠርዛቸው ያሉትን ወርቃማ ጥርሶች በተማሪ ላጲስ ያሻሉ። ከአሥሩ ማሽን አራቱ በላጲስ ብቻ ይነሳ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ አንድ መመሪያ ላይ አነበብኩ። የኮምፒዩተሩ ሰዓት በአንዲት ትንሽ ባትሪ ይሠራል፤ ባትሪዋ ስትደክም ቀኑ ይዛባል፤ ስትሞት ደግሞ ማሽኑ የገዛ ሃርድ ዲስኩ እንዴት እንደተሠራ ይረሳና አልነሳም ይላል። ስለዚህ የጋሽ ደምሴ ጥያቄ የባትሪ ምርመራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ባትሪን ደግሞ ራሴ መለካት እችላለሁ፤ ሰውን ምን አስጠየቀኝ? ያነበብኩት ትክክል ነበር፤ የደመደምኩት ግን ጎደሎ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ብቻዬን መላክ ጀመርኩ። ከሁሉም የማይረሳኝ በብስራተ ገብርኤል አካባቢ የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዘነበች ማሽኗ ጠዋት እንደ ጤነኛ ሠርቶ፣ ከምሳ በኋላ አልነሳ እያለ አስቸገራት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ቁራጭ ለዋወጥኩ። ጠዋት ይሠራል፤ ከሰዓት ይሞታል። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ደምሴ መጡና ቆመው አዩት። ማሽኑ ከራሱ እስከ ጀርባው በነጭ ዳንቴል ተሸፍኗል፤ እኔ በመጣሁ ቁጥር ወይዘሮ ዘነበች ገፍፋ ታነሳዋለች፤ ስሄድ መልሳ ታለብሰዋለች።

«ዘነበች፣ ይቺ ልብስ መቼ ነው የምትወልቅለት?»

«ኧረ ጋሽ ደምሴ፣ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው! ደግሞ ፊቱን ገልጬለታለሁ።»

«ፊቱን ገልጠሽ አፍንጫውን ይዘሽዋላ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ወይዘሮ ዘነበች ግን የምትረታ ሴት አልነበረችም። «እኔስ ዳንቴል ሠሪ ነኝ፣ አላውቅም» አለች ወደ እኔ እያየች። «ይኼ ምሁርዎ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዱን ሲጎረጉር፣ አፍንጫ እንዳለው ማን ይንገረው?»

በሳምንቱ ዳንቴሉን ፈትታ፣ ለማራገቢያው ክብ ቀዳዳ ትታ እንደገና ሠራችው። በቀዳዳው ዙሪያ አበባ ጠለፈችበት። ደብተሩ ላይ፣ «ያገኘነው» በሚለው ዓምድ፣ ጋሽ ደምሴ «ዳንቴል» ብለው ጻፉ፤ በአራተኛው ዓምድም «ምንም»።

አራተኛው ዓምድ የራሱ ሕግ ነበረው። እኛ አንሞላውም። ባለቤቱ ማሽኑን ከፍቶ፣ የራሱን ሥራ በራሱ ዓይን አይቶ፣ በአፉ ሲናገር ብቻ ይሞላል። «የጠፋውን የሚያውቀው የነበረውን የሚያውቅ ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ደምሴ።

አሁን ወደዚያ ረድፍ ልምጣ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ክፍላችን ይጨናነቃል። ሰው መብረቅ ፈርቶ ክረምቱን ሙሉ ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ሲያበራው አይነሳም። በአንዱ እንዲህ ያለ መስከረም፣ ዓመቱ በገባ በሁለት ሳምንቱ፣ ጋሽ ደምሴ ለእህታቸው ባል ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄደው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ በጋቢ የተጠቀለለ ኮምፒዩተር ታቅፈው ገቡ።

«ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ። ከላፍቶ እስከዚህ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት። ወያላው ‹አባባ፣ ሕፃኑ አያለቅስም?› ሲለኝ፣ ‹አልነሳ ብሎኝ ነው ሐኪም ቤት የምወስደው› አልኩት።»

መምህር ዋቅጅራ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ላፍቶ ነው። ማሽኑን ልጃቸው ከምትሠራበት ቢሮ ሲወገድ አግኝታ የሰጠቻቸው ነው። በውስጡ ያለው አንድ ጽሑፍ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ላፍቶ እርሻ በነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ ማሳ፣ እያንዳንዱ ምንጭ፣ እያንዳንዱ የወንዝ መሻገሪያ ስም ነበረው። ሽማግሌዎቹን እየዞሩ ጠይቀው፣ ስሙን፣ ቦታውንና የስሙን ምክንያት ተራ ቁጥር እየሰጡ ጽፈዋል።

«አሁን ሰው ‹ሁለተኛው መታጠፊያ› ይላል» አሉኝ። «መታጠፊያው እኮ ስም አለው። ቡርቃ ሎኒ ነው፤ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ። ምንጩ ዛሬ ከአንድ ሰው ሳሎን ሥር ነው ያለው።»

ከኪሳቸው ዲስኬት አወጡና «ቅጂው ደግሞ ይኼውና» ብለው ሰጡኝ። ቅጂው መቼና በየትኛው ማሽን እንደተቀዳ አልጠየቅኋቸውም። ካቻቢቴው በእጄ ነበር።

ማሽኑን አበራሁ። ማራገቢያው ይነፍሳል፤ ስክሪኑ ሃርድ ዲስክ የለም ይላል፤ ቀኑም ከፋብሪካ የወጣበት ባዶ ቀን ነበር። ባትሪ! ለወጥኩት። በዲስኩ ጀርባ የተለጠፈውን ቁጥር አንብቤ አስገባሁ፤ ዲስኩ ተነሳ። የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። ማስነሻ ፋይሎቹ ግን ተጎድተው ስለነበር፣ ዲስኩን አጽድቼ ሁሉንም እንደ አዲስ ለመጫን ወሰንኩ። ከማጽዳቴ በፊት ሁለቱን ጽሑፎች አስተያየሁ፤ በዲስኩ ውስጥ ያለውንና በዲስኬቱ ላይ ያለውን። ስማቸው አንድ ነው። ኮምፒዩተሩ የመዘገበው የዲስኬቱ ቀን ዘጠና አምስት ይላል፤ የዲስኩ ሰማንያ ዘጠኝ። ስለዚህ የዲስኩ ስድስት ዓመት የቆየ አሮጌ ረቂቅ ነው፤ ዲስኬቱ ላይ ያለው የመጨረሻው ነው አልኩ።

ሁለት ነገር ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። አንደኛው፣ ረቂቁ ተጻፈ ባልኩበት ዘመን አማርኛ የሚጽፍ ኮምፒዩተር በጣት የሚቆጠር መሆኑ ነው፤ አንድ የላፍቶ መምህር ከየት ያመጡታል? ሁለተኛው፣ «አሮጌው» ጽሑፍ ከ«አዲሱ» እጥፍ ያህል ረዝሞ መገኘቱ ነው። ይህን አይቻለሁ። አይቼም ምክንያት ሰጠሁት፦ ጥሩ ጸሐፊ ሲያርም ያሳጥራል ብዬ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ጋር አስማማሁት። መምህሩን እንዲያውም አደነቅኋቸው። ከዚያ ዲስኩን አጸዳሁት።

በማግሥቱ መጡ። ማሽኑ ሲነሳ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ጽሑፉን ከፍተው ወደ መጨረሻው ወረዱ። ወደ ላይ ወጡ፤ እንደገና ወረዱ።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ቆመብኝ» አሉ።

«ያ ነው መጨረሻው፣ አባባ።»

«መጨረሻውማ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ነው። ቀሪው ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«ከዲስኬቱ ያገኘሁት አዲሱን ነው። በማሽኑ ላይ የነበረው አሮጌ ነው፤ የሰማንያ ዘጠኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰማንያ ዘጠኝማ አምና ነው! ካለፈ ሁለት ሳምንቱ አይደል እንዴ?»

ወንበር ስቤ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። መምህር ዋቅጅራ የቤታቸውን ማሽን ያስያዙት በእኛ አቆጣጠር ነበር። «ኋላ የሚያነቡት ልጆች እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው» አሉኝ፤ አባባላቸው ውስጥ አንዳች ሽሙጥ አልነበረበትም። «መቼም አስቸጋሪ ነው። ጥቅምትን እንደ ፈረንጁ ሁለተኛ ወር ቆጥሮ ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላ ኅዳር ገባ ይለኛል። ነሐሴን ሠላሳ አንድ ያደርግና ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። በየጊዜው ቁጭ ብዬ እያረምኩት ነው የያዝኩት። ዲስኬቱ ግን የልጄ ቢሮ ነው፤ እዚያ በፈረንጅ ነው የሚቆጥሩት።»

ዲስኬቱ የተቀዳው ማሽኑ ቤታቸው ከመግባቱ በፊት ነበር፤ የፈረንጁ ዘጠና አምስት በእኛ ሰማንያ ሰባት ግድም ነው። ከሁለት መቶ አሥራ አራት በኋላ ያለው ሁሉ፣ መቶ ሰባ ሰባት ስም፣ እኔ ባጸዳሁት ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። በእጃችን ባለው መሣሪያ ሁሉ ፈለግሁ፤ አዲስ የጫንኩት በላዩ ተጽፎበታል። መምህሩ ጋቢያቸውን አጥፈው፣ ማሽኑን እንደ አመጣጣቸው ታቅፈው ሄዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ከለቅሶ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቋርጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ቀኑን ጠየቅኸው?»

«ባትሪው ሞቶ ስለነበር ማሽኑ ቀን አልነበረውም፣ ጋሼ።»

«ማሽኑን አላልኩህም። ሰውየውን።»

ካቻቢቴውን ወደ መሳቢያው አስገባሁት።

«የዚህ ከተማ ግማሹ በእኛ ነው የሚያስይዘው፣ ግማሹ በፈረንጅ» አሉ። «ክዳን ከፍተህ የምታገኘው ነገር አይደለም ይኼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ትጠይቀኛለህ ብዬ እጠብቅ ነበር። አንተ ግን አራት ዓመት ሙሉ ከደንበኞቹ ጋር ሆነህ ሳቅህብኝ።» ደብተሩን ገለጡ። «አራተኛው ዓምድ ላይ ምን ልጻፍ?»

«መቶ ሰባ ሰባት።»

«ሰውየው አለ ይህን?»

«አላሉም።»

«እንግዲያው ክፍት ይቆይ። እሁድ ጫማህን አጥብቅና ላፍቶ ሂድ። ማሽን የሚጠገነው እዚህ ነው፤ ይኼኛው ግን እዚያ ነው።»

ሄድኩ። መምህር ዋቅጅራ በር ከፍተው መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነበር። «በዚህ ጫማ ነው ጨፌ የምትገባው? አሠሪህ ምሁር ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አሉና የራሳቸውን ቦቲ ሰጡኝ። ሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበር፤ ጋዜጣ ጠቀጠቅሁበት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል፣ ለቅሶና ሠርግ ካልከለከለን በቀር፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን ዞርን። እሳቸው በኦሮምኛ ይጠይቃሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱን ስም አጥር ግቢ ውስጥ ገብተን፣ ከልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ቆመን አረጋገጥን። አንዲት ወይዘሮ «ቀበሌ ልኳችሁ ነው?» ብላ በሩን ልትዘጋብን ስትል፣ መምህሩ «የለም፣ የቤትሽን ስም ልንነግርሽ ነው» አሏት፤ ሰምታ ስትጨርስ ልጆቿን ጠርታ አስደገመችልን። መልካ ዲማን፣ ቀይ መሻገሪያ ማለት ነው፣ ያገኘነው በአዲሱ ድልድይ ሥር ነው፤ አፈሩ አሁንም ቀይ ነው። ከወረቀቱ ጥግ ቦታውን መንደፍ ጀመርኩ። መምህሩ በእርምጃ መለካትን፣ በፀሐይ አቅጣጫ መያዝን አስተማሩኝ። አዲሱን ሥራዬን ያገኘሁት በእነዚያ ንድፎች ነው፤ ፈታኙ ሰርተፍኬቴን ገልብጦ አይቶ አስቀመጠና ንድፎቹን ግን አንድ በአንድ አያቸው። ከሰባቱ ዓመቶቼ ሁሉ የጠገብኩት በእነዚያ እሁዶች ነው ማለት እችላለሁ።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ከወንዙ ማዶ ያለውን ተዳፋት ምንጭ በምንጭ ያውቁ የነበሩት አዴ ብሪቱ የሚባሉ አሮጊት፣ እኔ ዲስኩን ከማጽዳቴ ጥቂት ወራት በፊት፣ ክረምቱ ሳይገባ አርፈው ነበር። መምህሩ ከእሳቸው ዘንድ ሦስት ከሰዓት ተቀምጠው ጽፈው ነበር።

«ምንም አያስታውሱም?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ተዳፋቱ ላይ ቆመን።

«ድምፅዋን አስታውሳለሁ» አሉኝ። «ስሞቹን ጽፌያቸው ነበርና መያዝ አላስፈለገኝም።»

ዛሬ የመምህሩ ጽሑፍ በሦስት ዲስኬትና በታተመ ወረቀት ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱም ቀን፣ የእኛም የፈረንጁም፣ ተጽፎበታል። እኔም ከዚያ ወዲህ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሦስተኛውን ጥያቄ ጠይቄያለሁ። ሳቁብኝ፤ አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው ቅዳሜ መምህር ዋቅጅራን ጋበዝናቸውና መጡ። ከጋሽ ደምሴ አጠገብ ተቀመጡ። ደብተሩን ገልጬ በፊታቸው አኖርኩት።

«እርስዎ ካልተናገሩ አይሞላም» አሏቸው ጋሽ ደምሴ።

መምህሩ መነጽራቸውን አውጥተው የራሳቸውን ረድፍ አነበቡ። «መቶ ሃምሳ አራቱን አግኝተናል» አሉ። «ሌላውን ከእንግዲህ የሚነግረን የለም፤ ስንቱ ምንጭ፣ ስንቱ መሻገሪያ እንደነበረ ብቻ አውቃለሁ። ጻፍ፣ ልጄ።»

ብዕሩን አነሳሁ። ጋሽ ደምሴ ፊደሉን ማየት ስለማይችሉ ጆሯቸውን ወደ ወረቀቱ አዘነበሉ።

«ጻፈ?»

«እየጻፈ ነው» አሉ መምህሩ።

የማን እንደሆነ፦ መምህር ዋቅጅራ፣ ላፍቶ።

ባለቤቱ ያሉት፦ አልነሳ አለ።

ያገኘነው፦ ያለቀ ባትሪ፤ ያልተጠየቀ ቀን።

የጠፋው፦ ሃያ ሦስት ስም። አሥራ አራት ምንጭ፣ ስድስት መሻገሪያ፣ ሦስት ማሳ።